ምንም የማታውቀው መምህራችን

መምህራችን ምንም እንደማታውቅ መጀመሪያ የደረስኩበት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ማንም አይሻማኝ። ሬዲዮ የምንለው የክፍላችን ልጅ በኋላ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅሁት» እያለ ሲጎርር ነበር፤ ውሸቱን ነው። እሱ ወሬውን አዳረሰ እንጂ ነገሩን የነቃሁበት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከድሮው ትምህርት ቤቴ አስወጥታ አዲሱ ጋ ያስገባችኝ በዚያ ዓመት ነው። በድሮው ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉን ነገር ያውቁ ነበር። እነሱ ይላሉ፣ እኛ እንደግማለን፤ እነሱ ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። ጥያቄ የሚጠይቁት እነሱ፣ መልሱን የሚያውቁትም እነሱ፣ ጆሮ የሚጠመዝዙትም እነሱ። ሰው ምን እንደሚጠበቅበት የሚያውቅበት ግልጽ ያለ ቤት ነበር።

አዲሱ ጋ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ድንጋይ ሥር ቀንድ አውጣ አገኘሁና ወደ መምህራችን ይዤው ሮጥኩ።

«ቲቸር፣ ቀንድ አውጣ ጥርስ አለው?»

ቁጢጥ ብላ ቀንድ አውጣውን አየችው። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ፣ ጉልበቷ ላይ ሁልጊዜ አፈር የማይጠፋ ቀጭን ሴት ነበረች። አየችው፣ አየችውና «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

ምን ይመስለኛል! ባውቅ እሷን ምን አስጠየቀኝ? ግን አዲስ ስለሆንኩ ቀንድ አውጣዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ወዲያው ሬዲዮ መጣና ጨረቃ ቀን ቀን የት እንደምትሄድ ጠየቃት። «አሪፍ ጥያቄ! እንዴት ብለን ማወቅ እንችላለን?» አለችው። ሌላዋ ልጅ፣ የጥርስ ሐኪሟ ልጅ፣ ቅጠል ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቀቻት። «እስቲ ሁላችንም እናስብበት» አለች። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ስጠይቃት ግን ሳታቅማማ በእጇ አሳየችኝ። ቢያንስ እሱን ታውቃለች ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ግቢው ራሱ ያሳዝናል። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን አንጀቴን በልቶት ነበር። ወንበር ያልደረሳቸው ልጆች ትራስ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ጠረጴዛዎቹ ክብ ናቸው፤ ፊታችንን ወደ ሰሌዳ እንዳናዞር ሰሌዳ የለም። ደወል የለም። መማሪያ መጽሐፍ አልቆባቸዋል። አንድ ሙሉ ክፍል የተበላሸ ሬዲዮ፣ የተሰበረ የግድግዳ ሰዓት፣ የማይዞር ማራገቢያ ሞልቶበታል፤ እኛ ደግሞ መፍቻ እየተሰጠን እሱን እንፈታታለን። ባቄላ ዘርተው ግማሹን ፀሐይ ላይ፣ ግማሹን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ የቁም ሳጥኑን ረስተውት ነው ብዬ እኔው አውጥቼ መስኮት ላይ ደረደርኩላቸው። ከሁሉም የባሰው ግድግዳው ነው። ቀለም የገዙለት አይመስልም፣ ከላይ እስከ ታች ልጆች የጻፉት ጥያቄ ተለጥፎበታል። ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ። አንድ መልስ እንኳ የለም።

ዛሬ ለራሴ ልጅ ትምህርት ቤት ሳፈላልግ፣ እንደዚያ ያለ ትራስና እንደዚያ ያለ የተሰበረ ሰዓት ያለበት ቤት ለማግኘት ወላጅ እንዴት እንደሚጋፋ አየሁና አፌን ያዝኩ። ያኔ ግን ድሆች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ የአባቴን ትራስ በቦርሳዬ ጠቅጥቄ ወስጄ ለገስኳቸው። ማታ አባቴ ቤቱን ሲያተራምስ ትንፍሽ አላልኩም።

ሌላም ነገር ነበር። መምህራችን «አንቺ» በሉኝ ብላን ነበር። መምህርን አንቺ! በድሮው ትምህርት ቤት እንኳን መምህሩን የመምህሩን ጥላ እንኳ አንተ የሚል አልነበረም። እኔ የገባኝ ሴትዮዋ ምንም ስለማታውቅ እርስዎ መባል አፍራ እንደሆነ ነው።

አባቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ለሚቀመጥ ሰው «ያዝ! ልቀቅ! ማርሽ! ምን ነካህ!» ሲል ውሎ ይመጣል፤ ማታም ድምፁ ቶሎ አይበርድለትም። እራት ላይ ዘወትር የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበረው።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?»

«ቀንድ አውጣ ምን እንደሚበላ ጠየቅን።»

«ጎሽ! ምን ይበላል?»

«ገና አላወቅንም። ነገ እንጠይቃለን።»

«ማንን?»

«ቀንድ አውጣውን።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቴን አያት፣ እናቴ ደግሞ ውኃ መቅዳት ያዘች።

«ሰማሽ?»

«ልጆቹ ራሳቸው እየመረመሩ ነው የሚማሩት» አለች እናቴ። ነርስ ናት፤ የሚጮህ ሰው አያስደነግጣትም። «ሳስመዘግባት አብረኸኝ ነበርክ እኮ። ዳይሬክተሯ አንድ በአንድ አስረድታናለች።»

«ምን አስረዳችን? እሷም የጠየቅኳትን በጥያቄ ነው የመለሰችልኝ! እኔ መኪና ውስጥ ለተማሪዬ “አንተ ምን ይመስልሃል?” ብዬ ብጠብቅ ሁለታችንንም ከገደል ነው የሚለቅሙን! ይህቺ መምህርት አንድ ነገር የምታውቅ አይመስለኝም።»

እሱም ነቅቷል!

«በቃ» አለ አባቴ፣ «የፊታችን ቅዳሜ ወላጆችን ጠርተዋል አይደል? ሄጄ ሰው ሁሉ ፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃታለሁ። አንድ! ቀጥ አድርጋ ከመለሰች እሰየው። ካልመለሰች ልጄን ይዤ ወደ ድሮው ትምህርት ቤት!»

ያቺን ሌሊት አልጋዬ ውስጥ አለቀስኩ። ለራሴ መሄድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መምህራችንን እወዳት ነበር፤ በጣም ነው የምወዳት። የድሮ መምህሮቼ ሁሉን ቢያውቁም አንዳቸውም ያገኘሁትን ቀንድ አውጣ ቁጢጥ ብለው አይተውልኝ አያውቁም። እና ሰው ሁሉ ፊት ልትዋረድ ነው። ከሥራዋም ልትባረር ነው። የማታውቅ መምህር ማን ያስቀምጣል?

ስለዚህ ልረዳት ወሰንኩ። እናቴን ስለ ቀንድ አውጣ ጠይቄ በማግስቱ ማለዳ መምህራችንን ጥግ ይዤ በጆሮዋ ነገርኳት።

«ቲቸር፣ ጥርስ አለው። በጣም ብዙ፣ ጥቃቅን። ለማንም አልናገርም፣ አታስቢ።»

ዓይኗ በራ። «ኧረ! እንዴት አወቅሽ?»

«እናቴ ነግራኝ።»

«እናትሽስ እንዴት አወቀች?»

ወይ ጣጣ! አለማወቋ ሳያንስ ትጠራጠራለች። አጉሊ መነጽር አመጣች፣ የሰላጣ ቅጠል አመጣች፣ ቀንድ አውጣውን መስታወት ላይ አስቀምጣ ከሥር በኩል አፉን እንድናይ ሁላችንንም ወለል ላይ አጋደመችን። እሷም አብራን ተጋድማ «እዩት! እዩት ሲፍቅ!» እያለች ከኛ በላይ ትጮሃለች። አሳዘነችኝ። ይህን ያህል ዓመት ኖራ ገና ዛሬ ማየቷ ነው አልኩ።

ብቻዬን እንደማልዘልቀው ስለገባኝ ለሬዲዮ ነገርኩት። አንድ ነገር ለሰው ሁሉ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ «ምስጢር ነው» ብላችሁ ለሬዲዮ መንገር ነው። እረፍት ሳያልቅ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ደግነቱ የሳቀ የለም። የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እንባዋ መጣ። ተሰብስበን ተማከርንና፣ እያንዳንዳችን ከየቤታችን መልስ ይዘን እየመጣን ቲቸርን ልናስተምራት ተስማማን። ሬዲዮ ጨረቃን ወሰደ፤ የጥርስ ሐኪሟ ልጅ ቅጠልን ወሰደች፤ እኔ እንስሳትን በሙሉ ወሰድኩ።

እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! ቤት ገብተን መጽሐፍ እናገላብጣለን፣ ጎረቤት እናደርቃለን፣ መኪና አጣቢ ሳይቀር እናስጨንቃለን። ያገኘነውን ስንነግራት ደግሞ «እርግጠኛ ናችሁ? እስቲ አሳዩኝ» ትላለች። ሬዲዮ ጨረቃ ቀንም እንደምትወጣ ሊያስረዳት አንድ ማለዳ ውጪ ድረስ ጎትቶ አውጥቶ ሰማዩ ላይ አሳያት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። «ቀስ እያለች ይገባታል» አለኝ ሬዲዮ፣ ሲመለስ ትከሻው ሰፍቶ።

ዛሬ እናቴ ይህን ሳወራ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው። መምህራችን ፊዚክስ ተምራ፣ እሱ አልበቃ ብሏት ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ደግሞ ዓመታት ያጠናች ሴት ነበረች። እናቴ እኔን ስታስመዘግብ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አልጠየቅሽኝማ» ትለኛለች። እዚህ ቤት ከመምህራችን ያልተማረ የለም እንግዲህ።

ቅዳሜ ሊደርስ ሲል በተሰበሩት ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ከማራገቢያው ጀርባ ሆኜ ብሎን ስፈታ ዳይሬክተሯና መምህራችን ገቡ። አላዩኝም። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ወላጆች እያጉረመረሙ ነው» አለች ዳይሬክተሯ በቀስታ። «ሁለቱ ልጆቻቸውን አስወጥተዋል። ሌላ ከወጣ ይህን ክፍል ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ለመቀላቀል እንገደዳለን፤ ያኔ አንቺን የማቆይበት መንገድ የለኝም። እባክሽ፣ ቅዳሜ አንድ ሰው ከጠየቀሽ መልሱን ብቻ ንገሪው። ለአንድ ቀን።»

መምህራችን መሬት መሬት አየች። ፀጉሯ ላይ የተሰካውን እርሳስ አወጣችና መልሳ ሰካችው።

«ይከብደኛል» አለች።

«አውቃለሁ። ግን ለልጆቹ ስትይ።»

«እሺ፣ እሞክራለሁ» አለች በመጨረሻ። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እኔ ከማራገቢያው ጀርባ ብሎኑን በጡጫዬ ጨብጬ ደርቄ ቀረሁ። ዳይሬክተሯም ታውቃለች! ምስኪኗ ቲቸር ምን ብላ ነው የምትሞክረው? ቀንድ አውጣን ቢጠይቋት ትወጣዋለች፤ ጨረቃንም እንደምንም። ሌላ ነገር ከመጣ ግን አለቀላት።

ቅዳሜ ወላጆች መጡ። የትልቅ ሰው ወንበር ስላልነበረ በእኛ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ አባቴ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሶ፣ ለፎቶ በሚለብሰው ኮት ተወጥሮ ተኮራምቷል። አንድ አባት ደግሞ ትራስ ደርሶት ነበርና አባቴ ያንን ትራስ ደጋግሞ ሲያየው እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ዳይሬክተሯ እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ ገና ሳትጨርስ አባቴ እጁን አነሳ።

«ይቅርታ። ጥያቄዬ ለመምህርቷ ነው።»

«ይቀጥሉ» አለች ዳይሬክተሯ፣ ፈገግታዋ ሳስቶ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎን ነው መምህርት። ዝናብ ሲዘንብ የመኪና መስታወት በውስጥ በኩል ጉም የሚለብሰው ለምንድን ነው? ዝናቡ ያለው ውጪ፣ እርጥበቱ ውስጥ! እባክዎ መልሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

መምህራችን ዳይሬክተሯን አየቻት። ዳይሬክተሯ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች። መምህራችን አንድ ጊዜ ዞራ እኛን አየችን፤ እንደዚያ ዓይነት ፊት ኖሯት አይቼ አላውቅም። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ሳላስበው ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ።

«አባዬ፣ አትጠይቃት! አታውቅም!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

«ጥፋቷ አይደለም! ማንም አላስተማራትም! እኛ እያስተማርናት ነው። ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ትይዛለች። ቀንድ አውጣን ጨርሳለች፣ ጨረቃን ጨርሳለች፣ ቅጠል ላይ ነን። መኪና ላይ ገና አልደረስንም! እባካችሁ አታባርሯት፣ ትንሽ ጊዜ ስጧት!»

«እውነቷን ነው!» ብሎ ሬዲዮ ብድግ አለ። «እኔ ራሴ ብዙ ነገር አሳይቻታለሁ!»

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እናቷ አቅፋት ግራ በገባው ፊት ዳይሬክተሯን ታያለች። እናቴ መሐረቧን አፏ ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራትም። አባቴ እጁን እንዳነሳ ቀርቷል።

መምህራችን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይርገበገባል። እናቴ እስከ ዛሬ «ሳቅ ነው» ትላለች። እኔ ግን እጇን ስታነሳ ዓይኗን አይቻለሁ፤ ሳቅ ብቻ አልነበረም። ካደግኩ በኋላ አንድ ቀን ገበያ መሐል ተገናኝተን ራሷ ነገረችኝ፤ ያን ዕለት ለአባቴ መልሱን ልትነግረው ነበር። ተሸንፋ ነበር። አረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ነው እኔ ብድግ ያልኩት። «አንቺ እንደዚያ ብለሽ ከተነሳሽልኝ በኋላ እንዴት አውቃለሁ እላለሁ?» አለችኝ።

እንባዋን በክንዷ ጠራረገችና ወደ አባቴ ዞረች።

«ልጆቹ እንዳሉት ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኛ፦ «በሉ እንግዲህ፣ ይህንን ማን ያስተምረኛል?»

ጉድ ፈላ! ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። ሬዲዮ ቀጥ ብሎ አባቴ ጋ ሄደና እጆቹን ወገቡ ላይ ሰክቶ «አንተ ምን ይመስልሃል?» አለው።

«እኔ? እኔማ...» አባቴ ኮቱን አስተካከለ። «መቼም ዝናቡ በሆነ ቀዳዳ ይገባል እንጂ ከየት ይመጣል?»

«አይገባም» አለ ትራሱ ላይ የተቀመጠው አባት። «መስታወቱ ራሱ ነው ሲበርደው የሚያልበው።»

«መስታወት ላብ አለው እንዴ ወንድሜ!»

ሁለቱ ሽንጣቸውን ገትረው ሲከራከሩ የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እንባዋን ሳትጠርግ ከወጥ ቤት በረዶ አመጣች። ብርጭቆ ውስጥ ከውኃ ጋር ጨምረን በቀይ ቀለም አቀላነው፤ ውኃው እንደ ዝናቡ፣ ብርጭቆው እንደ መኪናው መስታወት ሆኖ፣ በብርጭቆው የሚያልፍ ነገር ካለ ቀይ ሆኖ ይወጣል ብለን ነው። ከዚያ ጠበቅን። አባቴ መጠበቅ የማያውቅ ሰው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አፍንጫውን ብርጭቆው ላይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው ጠበቀ። ብርጭቆው በውጪ በኩል ረጠበ። እኔ በነጭ ወረቀት ጠረግኩትና ለሁሉም አሳየሁ። ወረቀቱ ረጥቧል እንጂ አልቀላም።

«አላለፈም!» ብሎ አባቴ ወለሉን በመዳፉ መታ። «ላብም ቀዳዳም አይደለም! ታዲያ ይሄ ውኃ ከየት መጣ?»

«በብርጭቆው ዙሪያ ምን አለ?» አለችው መምህራችን። እሷም አጠገቡ ተንበርክካለች።

«ምን አለ? ምንም የለም። አየር።» ንግግሩን አቋረጠ። «አየር ውስጥ ውኃ አለ እንዴ?»

ሬዲዮ በረዶው አጠገብ ቆይቶ የቀዘቀዘ ትንሽ መስታወት አቀበለውና «ተንፍስበት» አለው። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። መስታወቱ ጉም ለበሰ። አየው፤ በእጅጌው ጠርጎ እንደገና ተነፈሰበት፤ እንደገና ጉም ለበሰ።

«እኔ ነኝ!» አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ራሴ ነኝ! ያ ሁሉ ጩኸቴ ነው ለካ መስታወቴን የሚሸፍነው!»

«ስንቴ ነገርኩህ አትጩህ ብዬ!» አለች እናቴ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት፤ መላው ክፍል በሳቅ ፈረሰ። ትራሱ ላይ የነበረው አባት ተነስቶ እሱም ልተንፍስ ብሎ መስታወቱን ቀማው። ወላጆች ተሰልፈው ተነፈሱ ብላችሁ ማን ያምናችኋል? የጥርስ ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ተነፈሰች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። አባቴ ገና አልፈረደም። መምህራችን አልመለሰችለትም፤ አንድም መልስ አልሰጠችውም፤ እሱ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ዳይሬክተሯም ይኸው ጭንቀት ሳይኖራት አልቀረም፤ ሰው መበታተን ሲጀምር እጆቿን እያፍተለተለች ጠጋ አለችው።

«እንግዲህ... ልጅዎን ሊያስወጧት እንደሆነ ሰምተን ነበር።»

አባቴ ቆመ። የኮቱ እጅጌ እስከ ክንዱ ርሷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። መምህራችንን አያት። እሷ ብርጭቆ እያጠበች ላለመስማት ትሞክር ነበር፤ ግን ውኃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ብርጭቆው አይንቀሳቀስም።

«ማን? እኔ?» አለ አባቴ፣ ጮክ ብሎ። «ልጄን ካስወጣኋትማ መምህርቷ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነው!»

ዳይሬክተሯ ከት ብላ ሳቀች፣ እናቴ ሳቀች፣ መምህራችን ብርጭቆዋን አስቀምጣ ሳቀች። እኔ ብቻ ሮጬ ሄጄ የረጠበ እጁን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ነገሩ ገባው።